ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ታንኳው፣ ደሴቱና መጽሐፉ

ከመካነ ሰላም ተነስቶ ደሴ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቶ ሐይቅን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ያየውም ቢሆን ዓሣውን በልቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ ይመለሳል። ታዲያ እዚያ ያለው ውሃና ዓሣ ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ከየብስ ጋር ተያይዟል። በእግር ይገባል፤ በጀልባ መሻገር የወደደም ይሻገራል። ድሮ ግን ደሴት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ መነኮሳቱ በአራት ትልልቅ ቅሎች በተደገፈ የደንገል ታንኳ ይመላለሱ እንደነበር ጽፏል። የደሴቱን ሎሚና ብርቱካን፣ የሐይቁንም ጉማሬ ሳይጠቅስ አላለፈም።

ከአልቫሬዝ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1248፣ በደብረ ዳሞ የተማረው አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚህ ደሴት ላይ ገዳም አቋቋመ። ገዳም እንበለው እንጂ ትምህርት ቤትም ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ የተማሩት እዚያ ነው። በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዝ የገዳሙ ዕድል አብሮ ከፍ አለ፤ አበምኔቱም «ዓቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ቃሉ የሚሰማ ባለሥልጣን ሆነ።

ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጠው አራቱ ወንጌል አለ። ወንጌልነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በባዶ ቦታዎቹ ላይ ሌላ ነገር ተጽፏል፦ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር፣ የነገሥታት ስጦታ፣ የመሬት ጉዳይ። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተመውን ጥናት ሲሠራ እነዚህን ማስታወሻዎች መርምሯል።

በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር በእኛው በቤተ አምሐራ ደጋ ላይ ሲዘምት መካነ ሥላሴ ተቃጠለች፤ አትሮንሰ ማርያምም ተቃጠለች። ውሃውም ቢሆን ሐይቅን አላስጣላትም፤ ጦሩ ደርሶ የደሴቱን ሀብት ወሰደ። ወርቁ ሄደ፤ ወንጌሉ ግን ቀረ። ይህን እናደንቃለን።

አድንቀን ብቻ ግን ማለፍ የለብንም። ብራናው ከፍየልና ከበግ ቆዳ ነው፤ ፍየሏን ያረባው ማን ነው? ጸሐፊው ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ እንጀራው ከማን ማሳ መጣ? በወንጌሉ ላይ የሰፈረው የመሬት ጉዳይ መልሱን ይጠቁመናል። ንጉሥ ጉልት ሰጠ ማለት ገበሬ ገበረ ማለት ነው። ሥርዓቱ ሕጋዊ መሠረቱን ያጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የሰጪው ንጉሥ ስም በቀለም ሲጻፍ፣ የአራሹ ስም አልተጻፈም። እኛ የአራሽ ልጆች ነን፤ መጽሐፉ ከአያቶቻችንም ላብ የወጣ ነውና የእኛም ነው።

ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ እህቶቻችን አይገቡም። እንዲህም ሆኖ መንገዱ ዝግ አይደለም፤ ወንጌሉ በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም ተነስቷል፤ ቅጂውም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። ሴት ልጅ እዚያ ገጽ ላይ ዓይኗን ብታሳርፍ የሚከለክላት የለም። የጎደለን ግእዙ ነው። ግእዝ የቄስ ብቻ ነው ያለንስ ማን ነው?

እንግዲህ የሚቀጥለው ዕረፍት ሲመጣ ሐይቅ እንውረድ። ዓሣውንም እንብላ፣ ማን ይጠላል! ከዚያ በፊት ግን ግእዝ የሚያውቁትን ለምነን ሁለት ሦስት ወር እንማር። ያለዚያ በጀልባውም ተሻግረን፣ በእግራችንም ገብተን፣ ያው ከዳር እንደቆምን እንመለሳለን።