ባለ ቀንድ እጀታው ካራና የቀጥቃጩ ዕጣ

ድግስ ተደግሶ በሬ ሲጣል ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ካራ ነው። ካራው ከደነዘዘ ሥጋ ቆራጩ ይቆጣል፣ ባለ ድግሱም ያፍራል። ይሁን እንጂ ካራውን ማን እንደቀጠቀጠው የሚጠይቅ ሰው በአገራችን ብዙም አልነበረም። ቢጠየቅም መልሱ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ነበር።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። የፋብሪካ ብረት እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ቀጥቃጩ ብረት ያለበትን ድንጋይ ቆፍሮ ያወጣል። ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ አነባብሮ በቆዳ ወናፍ ለሰዓታት እያናፋ ያነደዋል። ከምድጃው የሚወጣው ቀዳዳ የበዛበት ጓል ነው። ይህን ጓል ደጋግሞ እያጋለ በመዶሻ ሲቀጠቅጠው ቆሻሻው እየተፈናጠረ ንጹሑ ብረት ይቀራል። ኋላ መኪና ወደ አገር ሲገባ ባሌስትራ ይህን ድካም አስቀርቷል፤ የባሌስትራ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ለስለት እጅግ ተስማሚ ነው።

ዋናው ጥበብ የሚገኘው በማጋልና በማቀዝቀዝ ላይ ነው። የጋለው ስለት በውሃ ወይም በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ እንዲሁ ከተተወ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ በቀስታ እንደገና ይሞቃል። በዚህ ጊዜ የብረቱ ፊት መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ በመጨረሻም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ የለውም፤ ቀለሙን በዓይኑ አይቶ ነው የሚያወጣው።

እጀታው ከበሬ ቀንድ ይሠራል። ቀንድ አጥንት አይደለም፤ ከጥፍራችን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ተጨምቆ ይቃናል፣ ሁለት ገበታ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም በስለቱ ጭራ ግራና ቀኝ በችንካር ይመታል። (ከአገር ቤት እንዲህ ያለ ካራ የመጣለት ሰው ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ባይከተው ይሻላል። ሙቅ ውሃው ቀንዱን ያጣምመዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጥቀዋል።) መኳንንቱ ደግሞ ለጎራዴያቸው የአውራሪስ ቀንድ ይመርጡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ብዙው የጎራዴ ስለት ከጀርመን ከተማ ከዞሊንገን ይመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እየተባለ ይፈራና ይናቅ ነበር። ገበሬው ያለ እሱ ማረሻ አንድ ትልም ማውጣት አይችልም፤ ልጁን ግን አይድርለትም። በጎንደር አካባቢ ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ እንዳወጁ ይተረካል። መሬት ያጣ ሰው መዶሻና ሸክላ ቢይዝ ምን ይገርማል?

ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ያሠሩት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ነው። የዋልድማየርና የሌሎቹ አውሮፓውያን ስም በየመጽሐፉ ይነሣል። አብረዋቸው የደከሙትን የአገር ልጆች ስም የሚያነሣ ግን ከስንት አንድ ነው።

ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም በየመንደሩ ኖረ። ቀጥቃጩ በሚያርሰው መሬት የመጠቀም መብት ያገኘው ከስንት ዘመን በኋላ፣ በየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በተጀመረው «ዘመቻ ሙሴ» እና በግንቦት 1991 በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓዙ። ሰው በብዛት እንዲጫን ከአንዳንዱ አውሮፕላን ወንበሩ ሳይቀር ተነቅሎ ስለነበር ለወናፍና ለመስፍ ቦታ አልነበረም። እዚያ ከደረሱት ቀጥቃጮች ብዙዎቹ ሙያውን አልቀጠሉም። አንዱ ምክንያት የፋብሪካ ዕቃ ርካሽ መሆኑ ነው፤ ሌላው ደግሞ መዶሻው የድሮውን ስም ተከትሎ እንዳይመጣባቸው መፈለጋቸው ነው።