የመሸበት እንግዳ በሃይ ስትሪት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ኮለምበስ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ውስጥ በኖርዝ ሃይ ስትሪት የምትመላለሱ ሁሉ፣ የምትረግጡት አስፋልት የጥንት መንገደኛ ጎዳና ነው። ከኮለምበስ ተነስቶ በወርዲንግተን በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው ሠረገላ በዚሁ ነበር የሚያልፈው።

በ1842 እ.ኤ.አ.፣ በሚያዝያ ወር፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ከሚስቱ ጋር ኮለምበስ ደረሰ። ያደረው ኒል ሀውስ ሆቴል ነው። የሆቴሉ ባለቤት ዊልያም ኒል የሠረገሎችም ጌታ ነበር፤ ያመጣውን መንገደኛ ያሳድራል፣ ያሳደረውን ይሸኛል። የእርሻው መሬት በኋላ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ።

ዲክንስ በማግስቱ ሠረገላ ተከራይቶ ወደ ሰሜን ተነሳ። መንገዱ ረግረግ ላይ ግንድ የተረበረበበት ነበርና አጥንት ያላቅቃል። ሌሊት ላይ የዋያንዶት ሕዝብ መንደር፣ አፐር ሳንደስኪ ደረሱ። ማደሪያው የግንድ ቤት ነው። የተሰጣቸው ክፍል ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች አሉት፤ መቀርቀሪያ የለም፤ አንዱ ሲዘጋ ነፋሱ ሌላውን ይበረግደዋል። ዲክንስ ወርቅ ይዟልና ሻንጣዎቹን በሩ ላይ ደርድሮ ተኛ። አብሯቸው ይጓዝ የነበረ አንድ ሰው ተባይ ቢያስመርረው ወጥቶ ሠረገላው ውስጥ ቢተኛ፣ አሳማዎች ከበው ሲያጉረመርሙ አነጉት! ያሳደረቻቸው መንደር ሕዝብ በዓመቱ ከመሬቱ ተነቅሎ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ተሰደደ። ባለአገሩ ራሱ የመሸበት ሆነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እኛስ አገር? ድሮ ለእንግዳ ቁልፍም ሒሳብም አልነበረም። መንገደኛው አጥር ጥግ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ!» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር። ለዚህም ነው እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ ከፍሎ የሚበላ የጠፋው። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው በልተው፣ ከፍለው አስለመዱ ይባላል። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን አልቤርጎውን ይዞ መጣ፤ እኛም ቤርጎ አልነው። ጣሊያን ተባረረ፣ ቃሉ ቀረ።

ዲክንስ ያንን የግንድ ቤት በሩን ሳይቀር ጽፎልናል፤ የባለቤቱን ስም ግን አልጻፈም። እናንተ ኮለምበስ ስትገቡ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ያሳደራችሁን ሰው ስም ታውቃላችሁ። ዛሬ ማታ ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉት፣ ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው።