ከሎንዶን እስከ ሲድኒ በአየር

ባለፈው ዓመት የጂኦግራፊ መምህራችን በክፍላችን ሉል ላይ ክር ዘርግተን ከሎንዶን እስከ ሲድኒ ያለውን ርቀት እንድንለካ አዘዙን። ክሩ 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ወዲያው ተነሥቶ፣ አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 19 ሰዓት ይበቃዋል ብሎ አካፍሎ ነገረን። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰው እዚህ ስሌት ላይ ለመድረስ ስንት ዘመን እንደ ፈጀበትና ምን ያህል እንደ ከፈለበት ክሩ አይናገርም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1919 ዓ.ም. የአውስትራልያ መንግሥት ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው በ30 ቀን ውስጥ አውስትራልያ ለሚደርሱ አውስትራልያውያን አብራሪዎች የ10,000 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ሮስ ስሚዝና ወንድሙ ኪት፣ ቤኔትና ሺርስ ከሚባሉ ሁለት መካኒኮች ጋር ሆነው፣ ቪከርስ ቪሚ በተባለ ባለሁለት ሞተር አይሮፕላን ኖቬምበር 12 ቀን ከሎንዶን አጠገብ ተነሡ። መቀመጫው ክዳን ስላልነበረው ብርዱም ዝናቡም በላያቸው ላይ ነበር። በማግሥቱ የተነሣው የሌሎች ተወዳዳሪዎች አይሮፕላን ብዙ ሳይርቅ ወድቆ ሁለቱም ሞቱ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ በግሪክ አገር በኮርፉ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወድቀው ጠፉ።

እነስሚዝ በ28ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 10፣ ዳርዊን ገቡ። ከዚህ ሁሉ ቀን በአየር ላይ የነበሩት 136 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ስድስት ቀን አይሞላም። የቀረው ጊዜ ያለፈው በምድር ላይ፣ ቤንዚን በመቅዳት፣ ሞተር በመፈተሽና ከጭቃ በመታገል ነው። በጃቫ ደሴት ሱራባያ በተባለው ከተማ የአይሮፕላኑ ጎማ በረግረግ ስለ ሰጠመ፣ ያገሩ ሰዎች የቀርከሃ ምንጣፋቸውን ከየቤታቸው አምጥተው አነጠፉለትና በዚያ ላይ ተንደርድሮ ተነሣ። የእነዚያን ሰዎች ስም የጻፈ አላገኘሁም።

ሽልማቱን አራቱም እኩል ተካፈሉ። የ«ሰር» ማዕርግ የተሰጠው ግን ለሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ነው። በየማረፊያው ከሞተሩ ሥር የሚውሉት መካኒኮች ለምን እንደ ቀሩ፣ በበኩሌ አጥጋቢ ምክንያት አይታየኝም። ቤኔት በ1922 ዓ.ም. ከሮስ ስሚዝ ጋር አዲስ አይሮፕላን ሲሞክሩ እንግሊዝ አገር ውስጥ ወድቀው አብረው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማረፊያ መቀነስ ታሪክ ነው። በ1935 ዓ.ም. መንገደኛ ከብሪዝቤን ሎንዶን ለመድረስ 12 ቀን ተኩል ይፈጅበት ነበር፤ ከጉዞውም ከፊሉ፣ ከብሪንዲዚ እስከ ፓሪስ ያለው፣ በባቡር ነበር። በ1947 ዓ.ም. ካንታስ የተባለው የአውስትራልያ አየር መንገድ ኮንስቴሌሽን በተባለ አይሮፕላን፣ በዳርዊን፣ በሲንጋፖር፣ በካልካታ፣ በካራቺ፣ በካይሮና በትሪፖሊ እያረፈ፣ ጉዞውን ወደ አራት ቀን አወረደው። በ1989 ዓ.ም. ቦይንግ 747 ያለ አንዳች ማረፊያ በ20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ደረሰ፤ ነገር ግን ክብደት ለመቀነስ ሲባል ገበያተኛ መንገደኛ አልጫነም።

እነስሚዝ ከተነሡ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላ፣ በኖቬምበር 2019 ዓ.ም.፣ ቦይንግ 787 ሃምሳ ያህል ሰዎች ይዞ ለሙከራ ከሎንዶን ተነሣና ሳያርፍ ሲድኒ ገባ። በመንገድ ላይ የፈጀው ጊዜ 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነው። ጓደኛችን የተሳሳተው በ19 ደቂቃ ብቻ ነበር።