ስድስተኛ ክፍል በአንዋር መስጊድ ሰፈር

አዲስ አንባብያን፣ ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጣጥማችሁ እዚህ ገጽ ላይ ደርሳችኋል። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ሲደክማችሁ ጣታችሁን መስመሩ ላይ አድርጋችሁ ዕረፉ፤ ከዚያ ቀጥሉ።

የምንነጋገረው ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ነው። ከእናንተ መካከል ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ብዙ ትሆናላችሁ። ልጁ ማታ ደብተሩን ይዘረጋል። «የቤት ሥራህን ሠራህ ወይ?» ሲባል «ሠርቻለሁ» ይላል። ቀድሞ ማመን ብቻ ነበር። አሁን ግን ደብተሩን ገለጥ አድርጋችሁ ታያላችሁ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈውን ታነባላችሁ። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ትንሽ ይፈራችኋል። ታዲያ ይህ የመጨረሻ ዓመት ቤተሰቡን ሁሉ እንዲህ የሚያስጨንቀው ከመቼ ወዲህ ነው? ታሪኩን ከአንድ ሰፈር ተነሥተን እንየው።

ሰፈሩ አንዋር መስጊድ ነው፤ መርካቶ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ። ከመስጊዱ ጥቂት እልፍ ስትሉ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ንጋት ላይ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ገበያው ይነሣል። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሁሉም በየስሙ ይከፈታል። ይህ ገበያ ግን ሁልጊዜ እዚህ አልነበረም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ለይቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። «ገበያ መርካቶ ሄድኩ» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ገበያ አለ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይኖርም ትምህርት ነበረው። የእስላሙ ልጅ ቁርዓን ቤት ይገባል። ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ ይጽፋል። ሲጨርስ ሰሌዳው ይታጠባል፤ እንደገና ይጻፋል። የክርስቲያኑ ልጅ የኔታ ዘንድ ይሄዳል። ሀ ሁ ብሎ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ ዳዊት ላይ ይደርሳል። እዚህም እዚያም የመጨረሻው ዓመት የታወቀ ነበር። አንደኛው ልጅ ቁርዓኑን ሲያኸትም፣ ሌላው ዳዊት ሲደግም፣ ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ደግሶ ጎረቤት ይጠራል። መምህሩም ይመሰገናል፤ ስጦታም ያገኛል። ፈተና የለም። ልጁ በሰው ፊት አንብቦ ያሳያል፤ ከተሳሳተ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ከሌሎች ልጆች ጋር አወዳድሮ «አንተ እለፍ፣ አንተ ቅር» የሚል ወረቀት አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወረቀቱ ኋላ ነው የመጣው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሚማሩት ግን ጥቂት ልጆች ነበሩ። ወረራው ሲመጣ ያም ተቋረጠ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እየለዩ ገደሉ። በ1933 ዓ.ም. አገር ነጻ ስትወጣ ትምህርት ቤቱን ሁሉ እንደ አዲስ መጀመር ነበረባቸው። መጽሐፍ የለም፤ መምህር የለም፤ ከውጭ አገር መምህራን መቅጠር ግድ ሆነ።

በዚያን ዘመን አንደኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ ትልቅ ሰው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ጥቂት ጊዜ ሠልጥኖ፣ መምህር መሆን ይቻል ነበር። መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊ ይፈልጋሉ፤ ባንክ ይፈልጋል፤ ጦር ሠራዊት ይፈልጋል። መርካቶ ያለ ነጋዴም በደንብ ያውቀዋል፤ ደብዳቤ የሚያነብለት፣ ደረሰኝ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ሲሰድድ በልቡ ያሰበው ይህን ነው፤ ልጄ ከጫማ መጥረግ ወጥቶ ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል። አሳቡ ከንቱ አልነበረም። ለተወሰኑ ዓመታት እውነት ሆኖ ሠርቷል።

በ1956 ዓ.ም. የትምህርቱ ደረጃ ተለወጠ። አንደኛ ደረጃ 6 ዓመት ሆነ፤ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ 2 ዓመት፤ ከዚያ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። ከዚያ በፊት በአንደኛ ደረጃ የላይኛው ክፍሎች ብዙው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። ለውጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስድስተኛ ክፍልን ድልድይ አደረገው። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ስድስት ዓመት በአማርኛ «ሲባዛ፣ ሲካፈል» ያለ ልጅ በአንድ ክረምት ሌላ አፍ አውጥቶ መምጣት አለበት። በድልድዩ አፍ ላይ ደግሞ አገር አቀፍ ፈተና ቆመ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ሕዝቡ ራሱን ፈተናውን «ሚኒስትሪ» አለው። «ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ወሳጅ ነው» ሲባል ጎረቤቱ ይገባዋል። ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል።

የሚኒስትሪ ወሳጅ ቀን እንዴት ያለ ነበር? የመርካቶን ልጅ እንውሰድ። ትምህርት ቤቶች ስለተጨናነቁ ብዙዎቹ በፈረቃ ያስተምሩ ነበር፤ ግማሹ ልጅ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት። የጠዋት ፈረቃ ያለው ልጅ ሲነጋ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሻይ በዳቦ ቀምሶ ይሮጣል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ያልደረሰ በሩ ይዘጋበታል። ከዚያ የቃል ጽሕፈት ነው፤ የማባዣ ሠንጠረዥ ነው፤ የአንድ መጽሐፍ ተራ መጠበቅ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሁለት ሦስት ልጅ ይጋራዋል። ቀትር ላይ ሲለቀቅ ገበያው ይቀበለዋል። አንዱ የሊስትሮ ሣጥኑን ያነሣል። አንዱ በአባቱ ሱቅ ይቀመጣል። አንዱ ዕቃ ተሸክሞ ሳንቲም ይለቅማል። የእስላሙ ልጅ መድረሳም አለበት። ሴቷ ልጅ ከሁሉም ይብስባታል። ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾችን መጠበቅ፣ እንጀራ መጋገር፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ደብተር የምታነሣው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ኩራዙ ጋዝ ጨርሷል። መብራት ያለው ጎረቤት ደጃፍ ላይ፣ አለዚያም ከመንገድ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ ማጥናት የብዙ ሰው ትዝታ ነው። የቤት ሥራ ሲባል «በቤት የሚሠራ» ማለት ነው አይደል? ለብዙዎቹ ግን ቤቱ ውስጥ ቦታ አልነበረም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የዒድ ቀን በሕግ የታወቀ የሕዝብ በዓል ያልነበረበት ጊዜ ነበር። አባትና ጎረቤት ለሶላት ሲወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ግን እንደ አዘቦት ቀን ደወሉን ይደውላል። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሺሕ ሙስሊሞች እኩልነት ይሰጠን ብለው ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያን ወንድሞቻቸውም አብረው ተሰለፉ። በ1967 ዓ.ም. ሦስት የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ። ለአንዋር ሰፈር ልጅ ይህ ማለት በዒድ ቀን አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ቀሪ ሳይጻፍበት፣ ከቤተሰቡ ጋር መዋል ማለት ነው።

ያው 1966 ዓ.ም. ለትምህርት ታሪክ ሌላም ነገር አለው። መንግሥት አስቀድሞ ትምህርቱን የሚመረምር ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሥራ ፈላጊው የተማሪ ብዛት በዝቷል፤ ገንዘቡም አይበቃም፤ ስለዚህ ለአብዛኛው ልጅ የ4 ዓመት ትምህርት ይሰጠው፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ጥቂት ይሁን። ጥናቱ ብዙ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማስገባት አስቦ ይሆናል፤ ለገጠሩ ልጅ የሚጠቅም ነገርም አልጠፋበትም። ወላጁ ግን የሰማው ሌላ ነው። «የድሀ ልጅ አራተኛ ላይ ይቁም፤ የጌታ ልጅ ይለፍ» ተብሎ ተሰማው። ልጁን ከሱቅ አስቀርቶ፣ ከእርሻ አስቀርቶ ወደ ስድስተኛ የገፋ ሰው ይህን እንዴት ይቀበል? የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን በቤንዚን ዋጋ መናር የተቈጡት የታክሲ ነጂዎችም መኪናቸውን አቆሙ። ከተማው ጸጥ አለ። መንግሥት ዕቅዱን ወደ ጎን አደረገው፤ አብዮቱ ግን አልቆመም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ስለዚያ አብዮት ሲወራ መሬት ለአራሹ ይነሣል፤ የልጅ ደብተር ግን ይረሳል። አንድ ወላጅ ስለ ልጁ የመጨረሻ ክፍል ሲል ምን ያህል እንደሚቈጣ ያን ጊዜ ታየ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከአብዮቱ በፊት ከመቶው ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው ማንበብ አይችልም ነበር። ዘመቻው በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ ኋላ 15 ደረሰ፤ በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። በከተማ ትምህርቱ የሚሰጠው በየቀበሌው ነበር። እናት ደብተሯን በነጠላዋ ሥር ይዛ ወደ ቀበሌ ትሄዳለች። ልጇ ለሚኒስትሪ ያጠናል፤ እሷም ለመሠረተ ትምህርት ፈተና ታጠናለች። ኩራዙ አንድ ነው። አንዳንዱ ቤት ልጅ እናቱን ያርም ነበር፤ «እማዬ፣ ይኼ እኮ ‹ጨ› ነው» እያለ። ዘመቻው የዘመኑ ፖለቲካ ነበረበት፤ የተማሩትም ብዙዎች የሚያነቡት አጥተው ፊደሉን ረስተውታል። ይህ አይካድም። ሆኖም በጣት አሻራ ፋንታ ስሟን የጻፈች እናት ያን ቀን አልረሳችውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ወደ 8 ዓመት መለሰው። ሚኒስትሪ የሚለውም ስም ከስምንተኛ ክፍል ጋር ቀረ። ቆይቶ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ሲውል አንደኛ ደረጃ እንደገና 6 ዓመት ሆነ። ስለዚህ የመርካቶ ልጅ ዳግመኛ በስድስተኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣል። አያቱ ያለፈበት በር ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ልጃችሁ ዘንድሮ ተፈታኝ ከሆነ ከሱቅ ሥራው ቀንሱለት። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ እንጀራውን ወንድሟም መጋገር ይችላል፤ እጁ አይቆረጥም። የቤት ሥራውን መልስ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። «አንብብልኝ» በሉት፤ ሲያነብላችሁ የት ላይ እንደሚሰናከል ትሰማላችሁ። ደረጃው ቢወርድ በጎረቤት ፊት አትስደቡት።

ደግሞ አንድ ሥራ አለ፣ ማንም ሊሠራላችሁ የማይችል። ለፈተናው ሲመዘገብ ስሙ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ያን ወረቀት ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡት። ከድር የተባለው ኸድር ተብሎ፣ መሐመድ የተባለው ሙሐመድ ተብሎ፣ የአያት ስም ተዘልሎ የተጻፈ እንደሆነ ተመልከቱ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት። በአንድ ፊደል ስሕተት ምክንያት፣ ካደገ በኋላ «ይህ ስም የእኔ ነው» ለማለት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ብዙ ሰው አለ። ስሕተት ካገኛችሁ በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሳርሙ። ጸሐፊዋ «ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?» ብላ ብትጠይቃችሁ፣ ጣታችሁን ፊደሉ ላይ አድርጋችሁ አሳዩዋት።