ኩንታሉና ኪሎው

የባች ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ፣ ስታትስቲክስ ስንቱን አስለቅሶናል! እኔን ያባነነኝ የአሰቦት ማሽላ ነው። ለአሰቦት የዝናቡን መጠን በሚሊ ሜትር፣ ምርቱን በኩንታል ይዤ ኮቫሪያንስ አሰላሁ። የጭሮው ምርት በኪሎ ተመዝግቦ ስለነበር እንዳለ አስገባሁት። የጭሮው ውጤት እጅግ በልጦ ሲወጣ «ከአሰቦት ይልቅ ጭሮ ዝናብ ጠባቂ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን አንብበው «ኩንታል ስንት ኪሎ ነው?» ብቻ አሉኝ። መቶ! በኪሎ ስላሰላሁ ኮቫሪያንሱም መቶ እጥፍ አብጧል።

ጥያቄው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1888 የሰውን ቁመትና የክንድ ርዝመት ሲያነጻጽር፣ እያንዳንዱን ልኬት በራሱ የስርጭት መጠን መዘነው። በ1896 ደግሞ ካርል ፒርሰን ዛሬ የምንሠራበትን ስሌት አደላደለ፤ ኮቫሪያንሱን ለሁለቱ መደበኛ ልይይቶች ብዜት ማካፈል ነው። ይኸው ኮሪሌሽን ሆነ።

ኮቫሪያንስ አቅጣጫ ይነግረናል፦ ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ፣ ወይስ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል? መጠኑ ግን በመለኪያው ይለዋወጣል። ኮሪሌሽን መለኪያ የለውም፤ ከ-1 እስከ 1 ባለው ውስጥ ሆኖ የቀጥተኛ ዝምድናውን ጥንካሬ ያሳያል። ማሽላው በኩንታልም በኪሎም ቢመዘን ያው ነው። ታዲያ ዝምድናው ጠንካራ ነው ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ስንት ኩንታል ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ስሌት ነው።

ዛሬም ሪፖርት ሲቀርብልኝ ቁጥሩን ከማድነቄ በፊት «በምን ተለካ?» እላለሁ። ያቺ የመምህራችን ጥያቄ እስካሁን አለቀቀችኝም።