ከምላጭ እስከ ሌዘር፦ የእይታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ታሪክና ትምህርቱ



ከመነጽር ለመገላገል የሚሻ ሰው ዛሬ ወደ ዓይን ሐኪም ሲሄድ ፒአርኬ፣ ላሲክ፣ ስማይል የሚሉ ስሞችን ይሰማል። ስሞቹ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተሰለፉ ሸቀጦች ይመስላሉ። ታሪካቸው ሲመረመር ግን እያንዳንዱ ዘዴ ከእርሱ በፊት ለነበረው ጉድለት የተሰጠ መልስ ሆኖ ይገኛል። የዛሬው ንግግሬ ይህንን ለማሳየት ይሞክራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርኒያ የዓይን የፊት መስኮት የሆነ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። መካከሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይወፍርም። ሆኖም ዓይን ብርሃንን ከሚሰበስብበት ኃይል ሁለት ሦስተኛው ገደማ የእርሱ ነው። ስለዚህ ቅርጹ በጥቂቱ ሲለወጥ እይታም አብሮ ይለወጣል። ሩቁ ለሚደበዝዝበት ሰው ኮርኒያውን ጠፍጠፍ ማድረግ መፍትሔ ይሆናል።

ጃፓናዊው ሐኪም ጹቶሙ ሳቶ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ይህንኑ በምላጭ ሞከረ። በኮርኒያው ፊትና ጀርባ እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጉ ቁርጦችን አደረገ፤ የታካሚዎቹም እይታ ተሻሻለ። ነገር ግን በኮርኒያው ጀርባ ያለው ስስ የሴሎች ንጣፍ ትርፍ ውሃን እያስወጣ ጥራቱን እንደሚጠብቅ፣ ከተጎዳም እንደማይተካ በጊዜው በቅጡ አልታወቀም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የበርካታ ታካሚዎች ኮርኒያ አብጦ ደፈረሰ።

በ1970ዎቹ በሞስኮ ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ ቁርጡን በፊተኛው ገጽ ብቻ ወሰነ። ዘዴው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ፐርክ የተባለ ጥናት ታካሚዎችን ለአሥር ዓመት ተከታተለ። ውጤቱ በ1994 ታተመ፤ በዚያም መሠረት ከመቶ 43 ዓይኖች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ዲዮፕተር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ተቃራኒው ችግር ተንሸራትተዋል። ምላጩ ከተነሣ በኋላም ኮርኒያው መለወጡን አላቆመም ነበር።

ሌዘር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1981 በአይቢኤም ቤተ ሙከራ ስሪኒቫሳንና ባልደረቦቹ ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር ሕያው አካልን ዙሪያውን ሳያቃጥል በረቂቅ ልክ እንደሚያነሣ ተገነዘቡ። በ1983 ስቲቨን ትሮክል ከስሪኒቫሳን ጋር በከብት ኮርኒያ ላይ መሞከሩን አሳተመ። በ1988 ደግሞ በካንሰር ምክንያት ዓይኗ ሊወጣ የተወሰነባት አንዲት ሴት፣ ገና የሚያየውን ዓይኗን ለሙከራ ፈቀደች። ማርጌሪት ማክዶናልድም በዚያ ዓይን ላይ በሌዘር የኮርኒያን ቅርጽ አረመች። ዛሬ ፒአርኬ የምንለው ሕክምና የዚህች ሴት ባለዕዳ ነው።

ፒአርኬ የኮርኒያውን የላይ ቆዳ ስለሚያነሣ ለቀናት ያማል። ሆሴ ባራኬር በቦጎታ ኮርኒያን ገልጦ የመቅረጽን ሐሳብ ቀድሞ አፍልቆ ነበር። ግሪካዊው ዮአኒስ ፓሊካሪስ ይህን ሐሳብ ከሌዘር ጋር አዋሕዶ ላሲክን ወለደ። በላሲክ ስስ ንጣፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ሌዘሩ ከሥሩ ይሠራል፤ ንጣፉም ይመለሳል። ሕመሙ ቀነሰ፣ እይታም ቶሎ ተመለሰ። ይሁን እንጂ የተገለጠው ንጣፍ የቀድሞ ጥንካሬውን ሙሉ በሙሉ አያገኝም፤ ኮርኒያቸው ስስ ወይም ደካማ በሆነ ሰዎች ላይ ወደ ፊት የመቆልመም አደጋ ታየ። ስማይል በትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚሠራው ገጹን ላለመግለጥ ነው። ኮርኒያቸው ለሌዘር የማይመች ሰዎችም ዓይናቸው ውስጥ ሌንስ ሊገባላቸው ይችላል፤ ይህም የራሱ ክትትል አለው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ታሪክ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄዎችን ግን ያስተምራል። የመነጽር ቁጥሬ ረግቷልን? ኮርኒያዬ ምን ያህል ይወፍራል፣ ቅርጹስ ጤነኛ ነውን? የዚህ ዘዴ ውጤት ለስንት ዓመት ተከታትሏል? ከዚህም ጋር አርባውን የተሻገረ ሰው ሩቁ ቢስተካከልለትም ለንባብ መነጽር ሊያስፈልገው እንደሚችል አይዘንጋ።

የሳቶ ታካሚዎች በማግስቱ ተደስተው ነበር፤ ፍርዱ የተሰጠው ከዓመታት በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዓይን ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ስለዚህ «ነገ አያለሁን?» ብቻ ሳይሆን «ከሃያ ዓመት በኋላስ?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት፣ የሐኪሙም ግዴታ ነው።