ከአብዮት አደባባይ እስከ ሎቄ፦ መታሰቢያ የሚሠራው ለማን ነው?

ሽብር የሚፈጽም ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ይሸሻል፤ ድርጊቱን ሕግ ማስከበር ወይም ራስን መከላከል ብሎ ይጠራዋል። ደርግ ግን አልሸሸም። ከሩሲያ አብዮት በተዋሰው ስም ግድያውን ራሱ «ቀይ ሽብር» አለው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ከሰበሩ በኋላ፣ ሽብሩ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ማንንም የሚያጠራጥር አልነበረም። ኢሕአፓም በከተማ የደርግንና የቀበሌን ሹማምንት ይገድል እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ የመንግሥትን ሙሉ ኃይል በአንድ ትውልድ ላይ ማዝመት ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ዛሬ የሚገኘው በዚያው አደባባይ፣ በመስቀል አደባባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ከሀዋሳ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገባ ጎብኚ በውስጡ የሚያየው ፎቶግራፍ፣ የማሠቃያ መሣሪያ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽምና ልብስ ነው። በዚያ ዘመን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ፤ ለልጅ ማልቀስም ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ሙዚየሙ ከሌላው ሁሉ በፊት የተከለከለ ለቅሶ የሚለቀስበት ቤት ነው።

ከለቅሶውም ጋር ፍርድ ነበረ። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሰነድ ሰብስቦ፣ መቃብር አስቆፍሮ፣ በዚህም የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች አግዘውት፣ የደርግ ባለሥልጣናትን ለችሎት አቀረበ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳዘዘም በመዝገብ ሰፈረ።

ነገር ግን የሙዚየሙ ታሪክ በ1983 ዓ.ም. ያበቃል። በሩ ሲከፈት ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ 19 ዓመት፣ የሎቄ ሰልፈኞች ከተገደሉ ደግሞ 8 ዓመት ሆኖ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሀዋሳን አስተዳደር ከሲዳማ ዞን ለመለየት የቀረበውን ሐሳብ በመቃወም የወጣው ሕዝብ በከተማዪቱ ዳር፣ ሎቄ ላይ የመንግሥት ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱበት። የሟቾቹን ቁጥር በሚመለከት መንግሥትና የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ተስማምተው አያውቁም። የቀዳሚውን መንግሥት ግድያ በመስታወት ሣጥን ያኖረ መንግሥት የራሱን ለማኖር ቦታ አላገኘለትም።

ይህ የአንድ ፓርቲ ጠባይ ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በሰኔም ሲዳማ ክልል ሆነች። ዛሬ የሎቄ ሟቾች በይፋ ሰማዕታት ተብለው ይዘከራሉ፤ ይገባቸዋልም። ፈተናው ግን ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ በዚችው ሀዋሳ በተነሣው ግጭት ሰዎች ተገድለዋል፤ የወላይታ ተወላጆች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እነዚህን ሟቾች ስማቸውን ጠርቶ የሚዘክራቸው ማን ነው? ከሎቄ ሰማዕታት ቀጥሎ ስማቸውን ለመጻፍ የሚደፍር እጅ አለን?

ባለጊዜ ሁሉ ከእርሱ በፊት ለተፈጸመው በደል ሐውልት ማቆም አይከብደውም፤ እንዲያውም ሐውልቱ የሥልጣኑ ማስረጃ ይሆንለታል። የሚከብደው በራሱ ዘመንና በራሱ ወገን እጅ የሞተውን መቁጠር ነው። መታሰቢያ ከፕሮፓጋንዳ የሚለየውም በዚህ ነው።

በሲዳማ ባህል «አፊኒ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከመፍረድ አስቀድሞ የሁሉም ወገን ቃል ይሰማል። ሀዋሳ አንድ ቀን የመታሰቢያ ቤት ብትሠራ ከዚህ የተሻለ መሠረት የላትም። የቀይ ሽብር፣ የሎቄና የሰኔ 2010 ሟቾች ስማቸው ከእነቀኑ በአንድ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ትእዛዙ ከማን እንደወጣም በመዝገብ ይስፈር። የአንዱን ሐዘን ጽፎ የሌላውን የሚያስቀር ግድግዳ የሚያስተምረው የሚቀጥለውን ባለጊዜ ነው፤ የሚያስተምረውም የማን ሞት እንደማይቆጠር ነው።